የታካሚ ካርድ የት ይደር? ጀርመን፣ አዲስ አበባ ወይስ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ

ካርድ_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ስለሚረዝም ይቅርታ፤ ባጭሩ ብጽፈው ግን ትክክለኛ ምክር የማገኝ አይመስለኝም።

ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ለግል ክሊኒኮች የሚሆን ሶፍትዌር እንሠራለን። ምዝገባ፣ ቀጠሮ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ሒሳብ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። እስካሁን አራት ክሊኒኮች ይጠቀሙበታል፤ ሦስቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አዳማ። ሰርቨራችን ጀርመን አገር ያለ፣ በየወሩ በዩሮ የሚከፈልበት ተራ ቪፒኤስ (ከአንድ ትልቅ ማሽን ላይ ተከፍሎ የሚከራይ ሰርቨር) ነው። ስንጀምር የመረጥነው ርካሽ ስለሆነና ጓደኛችን ቀደም ሲል ተጠቅሞበት ስለወደደው ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረንም።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛውን ክሊኒክ ልናስፈርም ሄድን። ባለቤቷ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ። ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡ፤ እስክሪብቶውን ካነሱ በኋላ መልሰው አስቀመጡትና «ካርዶቼ የት ነው የሚያድሩት?» አሉኝ። ጀርመን አልኳቸው። «ማን ሊያያቸው ይችላል?» ማንም፣ አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ከወንበራቸው ጀርባ ያለውን የብረት ሎከር አሳዩኝ። «እኔ ጋ የሚመጡ ሴቶች ለባላቸው፣ ለእናታቸው ያልነገሩትን ነው የሚነግሩኝ። የዚህ ሎከር ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሲስተር ጋ። ወደ እናንተ ሲገባ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚሆነው?»

መልስ አጣሁ። አጣርቼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስለዚህ ነው ሳስብ ያደርኩት፤ ምክንያቱም አራቱ ክሊኒኮች ሳይጠይቁን ነው ዳታቸውን የሰጡን።

አሁን ሦስት መንገድ ይታየኛል። ጀርመን መቆየት፣ አዲስ አበባ ካሉት ዳታ ሴንተሮች አንዱ ጋ መግባት፣ ወይም እያንዳንዱ ክሊኒክ ውስጥ ትንሽ ሰርቨር ማስቀመጥ። በተግባር ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የድርጅት ማስታወቂያ አልፈልግም።

---

ፍራንክፈርት19

ዶክተሯ የጠየቁህ እዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ጠበቃ ቀጥረው የሚጠይቁትን ነው። ክብር ይስጣቸው።

እዚህ ፍራንክፈርት ሰርቨር ላይ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። «ጀርመን ነው» ያልከው ግማሽ መልስ ነው። ሕንፃው ያለበት አገር አንድ ነገር ነው፤ ድርጅቱን የሚያዘው የየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ ደግሞ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት አየርላንድ፣ ደብሊን ሰርቨሩ ላይ ያለ የአንድ ደንበኛ ኢሜይል እንዲያስረክብ ከአሜሪካ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጣበት። አልሰጥም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገተ። ሙግቱ ሳያልቅ በማርች 2018 የአሜሪካ ምክር ቤት ክላውድ አክት የሚባለውን ሕግ አጸደቀ። በአሜሪካ ሕግ ሥር ያለ ድርጅት፣ ዳታው የትም አገር ቢቀመጥ፣ ሕጋዊ ትእዛዝ ከመጣ ማቅረብ አለበት የሚል ነው። ሙግቱም በዚያው ተዘጋ። በጁን 2025 የማይክሮሶፍት ፈረንሳይ የሕግ ጉዳዮች ኃላፊ የፈረንሳይ ሴኔት ፊት በመሐላ ቀርቦ፣ የፈረንሳይ ዜጎች ዳታ ለአሜሪካ መንግሥት በጭራሽ አይሰጥም ብለህ ዋስትና ትሰጣለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አልችልም ነው ያለው። እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመም ብሏል፤ ዋስትናውን ግን አልሰጠም።

ያንተ አከራይ የጀርመን ድርጅት ከሆነና አሜሪካ ውስጥ ምንም ከሌለው ይህ ብዙም አይነካህም። ግን የአውሮፓው የዳታ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ አንቀጽ 28 ላይ ዳታ በሌላ ስም ከሚይዝ ድርጅት ጋር የጽሑፍ ውል እንዲኖር ያዛል። ብዙዎቹ አከራዮች ገጻቸው ላይ አዘጋጅተው ያስቀምጡታል፤ ገብተህ መፈረም ነው። ፈርመሃል?

ሁለተኛ፣ «ማንም አያይም» ያልካቸው ስህተት ነው፤ ሄደህ አርምላቸው። ዲስኩን ብታመሰጥረውም (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ብታደርገውም) ቪፒኤስ እየሠራ እያለ ቁልፉ ሜሞሪ ላይ ነው። የአከራዩ ሠራተኛ ከሥር ሆኖ የማሽኑን ሙሉ ቅጂ፣ ሜሞሪውን ጨምሮ፣ ማንሳት ይችላል። ያደርጋል አላልኩም። ይችላል።

---

ካርድ_ክፍል

ወንድሜ አመሰግናለሁ። አሁን ገብቼ አየሁ። ውሉ አለ፤ እኛ አልፈረምንም። ሁለት ዓመት ሙሉ። ዲስኩም አልተመሰጠረም። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

---

ጠበቃ_ልደታ

ማፈርህ ጥሩ ነው፤ ብዙው ሰው ቅጣት ሲመጣ ነው የሚያፍረው። እኔ ከሕጉ ጎን ልጨምር።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ላይ አጽድቆታል። ከዚያ በፊትም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት የመከበር መብትን አስቀምጧል፤ ግን ዝርዝሩን ያመጣው ይህ አዋጅ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንተን የሚመለከቱህ ነጥቦች እነዚህ ናቸው። የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ተመድቧል። ዳታው ለምንና እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ክሊኒኩ ነው፤ እናንተ በእሱ ትእዛዝ የምትሠሩ ናችሁ፤ ሁለታችሁም ግን ኃላፊነት አለባችሁ። ጥሰት ካጋጠመ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለ። ከአገር የሚወጣ ዳታን በሚመለከት ደግሞ ተቀባዩ አገር በቂ ጥበቃ ያለው መሆኑ ወይም በሕጉ ከተዘረዘሩት ሌሎች ሁኔታዎች አንዱ መሟላቱ ይታያል። ስለ ዳታ ሉዓላዊነት የሚናገር ድንጋጌም አለው፤ መነሻው አገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል ዳታ አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ይቀመጥ የሚል ነው።

ስለዚህ «ጀርመን ርካሽ ነው» የሚለው ብቻውን መከራከሪያ አይሆንህም። አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ አውርደህ ራስህ አንብበው፤ እኔ እዚህ የጻፍኩትን ለውል ማርቀቂያ እንዳትጠቀምበት። ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ከክሊኒኮቹ ጋር ባላችሁ ውል ላይ፣ ነገ ከእናንተ ጋር መሥራት ቢያቆሙ ዳታውን በምን መልክ፣ በስንት ቀን ትመልሱላቸዋላችሁ?

---

ካርድ_ክፍል

አልተጻፈም፣ ጠበቃ። ውላችን ሁለት ገጽ ነው፤ አብዛኛው ስለ ክፍያ ነው።

---

ባህርዳር_ኔት

እኔ ሕጉንም አውሮፓንም ትቼ ያየሁትን ልናገር።

ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ሲዘጋ የኔት ሥራ የምሠራለት አንድ ፋርማሲ ነበር። የሽያጭና የስቶክ ሲስተሙ ልክ እንዳንተ አውሮፓ ነበር። ጠዋት በር ተከፈተ፣ ኮምፒውተሩ በራ፣ ስክሪኑ ላይ ክቡ ይዞራል ይዞራል። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ስንት እንደቀረ፣ መቼ እንደሚያልፍበት፣ በስንት እንደሚሸጥ የሚያውቀው ሰርቨር ግን ባሕር ማዶ ነው። ልጅቷ ደብተር ገዝታ በእጇ መመዝገብ ጀመረች። ሦስት ሳምንት ገደማ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያንን ደብተር ወደ ሲስተሙ ለማስገባት ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ሒሳቡም እስከ መጨረሻው አልገጠመም። ከዚያ ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ እዚህ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ሰርቨሩ ክሊኒኩ ውስጥ ይሁን። ትንሽ ሚኒ ፒሲ፣ ሁለት ዲስክ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ጥሩ ዩፒኤስ፣ አንድ ራውተር። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪውና ሐኪሟ በውስጥ ኔትወርክ ይገናኛሉ። ነፍሰ ጡር መጥታ የደም ዓይነቷ ሲፈለግ «ኔትወርክ የለም» አይባልም።

---

ካርድ_ክፍል

ይህን አስቤው ነበር። የሚያስፈራኝ ሌባ ነው፣ ከዚያም መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለው ዲስክ። አዳማ ያለው ክሊኒክ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ፓወር ሳፕላይ ተቃጥሎበታል።

---

ባህርዳር_ኔት

ለሌባው ዲስኩን አመስጥረው። ፍራንክፈርት ያለው ወንድማችን ያለው እውነት ነው፤ የሰው ማሽን ላይ ምስጠራ ግማሽ ነው። የራስህ ማሽን ላይ ግን ይሠራል፤ ሌባ ሲነቅለው ይጠፋል፣ ሲጠፋ ቁልፉ ከሜሞሪ ይሄዳል፣ እጁ ላይ የሚቀረው ብረት ነው። ጣጣው መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ፓስወርድ ማስገባት አለበት። ሲስተሯን አሠልጥናት። እኔ ጋ ያሉ ነርሶች በሁለተኛው ቀን ለምደውታል።

ለመብራቱ ደግሞ ዩፒኤሱን ከሰርቨሩ ጋር በገመድ አገናኘው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱ ማሽኑን በሥርዓት ያጠፋዋል። ብዙ ሰው ዩፒኤስ ገዝቶ ይህችን ገመድ ሳይሰካ ሳጥኑ ውስጥ ይተዋታል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ሜሪላንድ የሒሳብና የታክስ ሥራ ነው የምሠራው፤ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ የደረሰብኝ ስለሆነ።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ አነስተኛ የአስመጪነት ድርጅት አለው። ድረ ገጹንም ኢሜይሉንም የሒሳብ ሲስተሙንም ውጭ አገር ሆስቲንግ (ሰርቨር የሚያከራይ ድርጅት) ላይ አደረገ። ዶላር የሚከፍልበት ካርድ ስላልነበረው የኔን ሰጠሁት። ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ እዚህ ያለን ብዙዎቻችን የአንድ ዘመድ ሰርቨር በካርዳችን እንከፍላለን። በኔ ካርድ ብቻም አልነበረም፤ አካውንቱ በኔ ስምና በኔ አሮጌ ኢሜይል ነበር የተከፈተው።

ከዕለታት አንድ ቀን ባንኬ በካርዴ የማጭበርበር ሙከራ አየሁ ብሎ ካርዱን ሰርዞ አዲስ ላከልኝ። ሆስቲንጉን ጨርሶ ረሳሁት። ማስጠንቀቂያው የመጣው ከዓመት በላይ ከፍቼው በማላውቀው ኢሜይል ላይ ነው። አንደኛ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ አካውንቱ ታገደ፣ ከዚያ ተሰረዘ። የአክስቴ ልጅ ሲደውልልኝ እኔ ልጆች ትምህርት ቤት ላደርስ መንገድ ላይ ነበርኩ። «እህቴ፣ ኢሜይሌ አይከፍትም» አለኝ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። የአራት ዓመት ሒሳብ፣ ከጉምሩክ ጋር የተጻጻፈው ሁሉ፣ የደንበኞቹ ዝርዝር። ድርጅቱን ለምኜ ነበር፤ ፋይሉን አጥፍተናል፣ ባክአፕም የለንም አሉ። ከዚያም ለማጣራት ብለው አካውንቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የኔ ነው፣ አልኩ። ሕጋዊ ባለቤቱ እኔ ነበርኩ። ያ ድርጅት በወረቀት የራሱ ዳታ ባለቤት አልነበረም።

ስለዚህ የኔ ጥያቄ ለካርድ_ክፍል፦ የጀርመኑ ሰርቨር በማን ካርድ ነው የሚከፈለው? በማን ስም ነው? ዶሜይኑስ (የድረ ገጻችሁ አድራሻ)?

እዚህ የታክስ ሥራ የሚሠራ ሰው በጽሑፍ የተቀመጠ የመረጃ ጥበቃ ዕቅድ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ወረቀቱን ስሞላ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ስለ ቫይረስ አይደለም። ማን መግባት ይችላል፣ ያ ሰው ቢሄድ ወይም ቢሞት ማን ይተካዋል የሚል ነው። ያንን ገጽ ያኔ ለአክስቴ ልጅ ሞልቼለት ቢሆን ኖሮ።

---

ካርድ_ክፍል

እህቴ፣ ይህን ስላካፈልሽን እግዚአብሔር ይስጥሽ። የኛ በጓደኛዬ ወንድም ካርድ ነው፤ ሽቱትጋርት ያለ። አካውንቱ በእሱ ስም ነው። ዶሜይኑን ደግሞ አርማችንን የሠራልን ልጅ ነው ያስመዘገበው፤ አሁን ካናዳ ሄዷል። ዛሬ ማታውኑ ደውዬለታለሁ፤ ያስተላልፍልናል።

---

እንግዳ_77

ሁላችሁም ስለ ውጭ ስታወሩ አገር ውስጥ ያለውን ቅዱስ አደረጋችሁት። አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ካስገባው በኋላ አንድ ባለሥልጣን ወረቀት ይዞ ቢመጣ ማን እምቢ ይላል? ጀርመን ቢሆን ቢያንስ ፍርድ ቤት አለ።

---

ጠበቃ_ልደታ

ስጋትህ የሚናቅ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ለይ። አንደኛ፣ ክሊኒኩ ያለው እዚህ ነው፤ ሐኪሟም እዚህ ናቸው። ትእዛዝ የሚይዝ ሰው ሰርቨሩ ጋ መሄድ አያስፈልገውም፤ ክሊኒኩ ጋ ነው የሚመጣው። ሰርቨሩን ጀርመን ማስቀመጥ ከዚህ አያድንም። ሁለተኛ፣ ታካሚዋ መብቷ ተጣሰ ብላ አቤት የምትልበት ቦታ ያስፈልጋታል። ከአዲስ አበባ ተነስታ የጀርመን ፍርድ ቤት አትሄድም፤ ልደታ ግን በታክሲ ትመጣለች። መብቱ ወረቀት ላይ እንዳይቀር መጮህ ያለብን እዚህ ነው፤ እኔ በግሌ ለዚህ ነው ይህን ሥራ የምሠራው።

---

ፍራንክፈርት19

እንግዳ_77 ባነሳው ላይ፣ ሕንፃው አገር ውስጥ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ ከአዲስ አበባ የተሻለ ምሳሌ የለም። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በቻይና ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በጃንዋሪ 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ለአምስት ዓመት ያህል በየሌሊቱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሕንፃው ዳታ ሻንጋይ ወዳለ ሰርቨር ይገለበጥ እንደነበር ጻፈ። ቻይና ሐሰት ነው ብላለች፣ የኅብረቱ መሪዎችም አስተባብለዋል። ማን ልክ እንደሆነ እዚህ ላይ አንፈርድም። ግን ነገሩ ተያዘ የተባለበትን መንገድ ተመልከቱ፦ ሰው በሌለበት ሰዓት ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ያየ ባለሙያ ነው። አንተም የሌሊት ትራፊክህን የሚያይ ሰው አለህ ወይ?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ስለሆነ። እሳት።

ማርች 10፣ 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ያለው ኦቪኤች የተባለው የሰርቨር አከራይ ድርጅት ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ኤስቢጂ2 የሚባለው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ገንዘብ ከፍለው ባክአፕ የገዙ ደንበኞች ነበሩ፤ ባክአፑ የተቀመጠው እዚያው ግቢ ስለነበር ዋናውም ቅጂውም አብረው ሄዱ። በዚህ የከሰሱ ነበሩ፤ ካሳ የተፈረደለትም አለ። እኔ ያን ቀን ጠዋት ሥራ ገብቼ ስልኩ ሲጮህ ዋልኩ፤ የኛ አልነበረም፣ ግን ደንበኞቻችን ሁሉ «የኛ ባክአፕ የት ነው ያለው?» ብለው የጠየቁን ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የጠየቀ አልነበረም።

ሉዓላዊነት የሚለውን ቃል ለምትወዱ ደግሞ ደቡብ ኮርያን እዩ። ሴፕቴምበር 26፣ 2025 ዴጆን ከተማ የመንግሥቱ ዳታ ሴንተር ውስጥ ባትሪ ሲያነሱ እሳት ተነሳ። 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የሠራተኞቹ ፋይል ማስቀመጫ የነበረው ጂ-ድራይቭ፣ 858 ቴራባይት፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው ጠፋ። ሁሉም በራሳቸው አገር፣ በራሳቸው ሕንፃ፣ በራሳቸው ሠራተኛ እጅ ነበር። ኢስቶኒያ ተቃራኒውን ነው ያደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2007 የሳይበር ጥቃት ከደረሰባት በኋላ ስታስብበት ቆይታ፣ በ2017 ከሉክሰምበርግ ጋር ተስማምታ የመንግሥቷን ወሳኝ መዝገቦች ቅጂ እዚያ አስቀመጠች፤ ቦታው ልክ እንደ ኤምባሲ የራሷ ነው፣ ያለ ፈቃዷ ማንም አይገባም። ትንሽ አገር ናት፤ ብትወረር እንኳ መዝገቧ እንዲተርፍ ብላ ነው።

ለአንተ ይህ ማለት፣ ዋናው ክሊኒኩ ውስጥ ሆኖ ከክሊኒኩ ሳይወጣ በፊት የተመሰጠረ ቅጂ በየሌሊቱ ሌላ ቦታ መላክ ነው። ሬስቲክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ፋይሉ ከማሽንህ የሚወጣው ተመስጥሮ ነው። ተቀባዩ የሚያየው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ያን ጊዜ የአከራዩ ሠራተኛ ሜሞሪ ቢያይ ምንም አያገኝም፤ ቁልፉ እዚያ ማሽን ላይ ሄዶ አያውቅማ።

---

ባህርዳር_ኔት

ቅጂው መጀመሪያ አዲስ አበባ ይሂድ። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ጀምሯል፤ በብር ነው የሚከፈለው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 ሲያልፍ የደንበኞቼ የሆስቲንግ ወጪ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ደረሰ። በብር መክፈል መቻል ራሱ ነፃነት ነው።

---

ላብ_ሐዋሳ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ስለ ሰርቨር የምትሉትን በግማሽ ነው የተረዳሁት። የማውቀውን ግን ልንገራችሁ።

የምሠራበት ቦታ ሲስተም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ፓስወርድ አለው። ግን ውጤት ሲወጣ ሐኪሙ ቢሮ ከሌለ እንዴት እንደሚደርሰው ታውቃላችሁ? ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ነው የምንልከው። ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ውጤት። የኤችአይቪም፣ የሄፓታይተስም። ስልኩ የኔ የግሌ ነው። ማታ ቤት ስገባ ልጄ ያንን ስልክ ይዞ ጌም ይጫወታል። ጋለሪውን ሲከፍት የሰው ውጤት ከልደቱ ፎቶ ጎን ተደርድሯል። ባለፈው ወር ይህን አይቼ ደነገጥኩ፤ ቁጭ ብዬ ከ300 በላይ ፎቶ አጠፋሁ። ከቴሌግራሙ ግን አልጠፋም፤ ግሩፑ ውስጥ ከሥራ የለቀቁ ሦስት ሰዎች አሁንም አሉ።

አባቴ ካያያዝ ይቀደዳል ይል ነበር። ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ሐኪሙ በስልኩ ውጤት የሚያይበት መንገድ አብጁልን። እኛ ክፉ ሆነን አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስለሌለን ነው።

---

ፍራንክፈርት19

እህቴ፣ ከሁላችንም የሚበልጠው ያንቺ ነው። የቴሌግራም ተራ ቻት እና ግሩፕ የሚቀመጠው ድርጅቱ ሰርቨር ላይ፣ ድርጅቱ ራሱ በያዘው ቁልፍ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚለውን ስትመርጪ ብቻ ነው፣ ግሩፕ ላይ ደግሞ አይሠራም። የለቀቁትን ዛሬውኑ ከግሩፑ አስወጧቸው።

---

ጠበቃ_ልደታ

ካርድ_ክፍል፣ ከዚህ በኋላ የምትጽፈው ውል ላይ የላብ_ሐዋሳን ነገር አስገባው፤ ውጤት ከሲስተሙ ውጭ እንዳይላክ። ግን ለሠራተኛው መንገድ ሳታበጅ ክልከላ ብቻ ብትጽፍ ሰውን ወንጀለኛ ማድረግ ነው። የተመሰጠረ ቅጂ ውጭ የመላኩን ጉዳይ ደግሞ በግምት አትሥራው። ተመስጥሮም ቢሆን የግል ዳታ ነው ብለህ ተነስ፤ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቅ፣ መልሱን ፋይል አድርግ። እስከዚያ ሁለቱም ቅጂ አገር ውስጥ፣ ግን በሁለት የተለያየ ከተማ ይሁን።

---

ካርድ_ክፍል

አንድ ወር ከአሥር ቀን ሆነ፤ ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ባለውለታዎቼ ናችሁ።

መጀመሪያ ስሙን አስተካከልን። ዶሜይኑ አሁን በድርጅታችን ስም ነው። የጀርመኑን አካውንት ከጓደኛዬ ወንድም ስም አውጥተን ውሉን ፈረምን፤ የአራቱን ክሊኒኮች ዳታ እስክናወጣ ድረስ ብቻ ነው የምንቆየው። ለአራቱም ባለቤቶች በአካል ሄደን እስካሁን ዳታቸው የት እንደነበረ፣ ምን ሳናደርግ እንደቀረን ነገርናቸው። አንዱ በጣም ተቆጡ፤ ልክ ናቸው። ሦስቱ ቀጥለዋል፤ የተቆጡት ዳታቸውን በሃርድ ዲስክ ተረክበው ወጡ። እንዴት እንደምንመልስ ያወቅነው በዚያ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብን፣ አሁን ውሉ ላይ አምስት የሥራ ቀን ብለን ጽፈነዋል።

አዲሱ ክሊኒክ ውስጥ ሰርቨሩ እዚያው ነው። ሚኒ ፒሲ፣ ሁለት ዲስክ፣ ዩፒኤስ፤ ባህርዳር_ኔት ያልካትን ገመድ ሳጥኑ ውስጥ አገኘናት። ቅጂው በየሌሊቱ ተመስጥሮ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ይሄዳል፣ ሁለተኛው ቅጂ አዳማ። ለባለሥልጣኑ ጽፈናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። ላብ_ሐዋሳ፣ ሐኪሟ ውጤት በስልካቸው የሚያዩበትን ገጽ ሠርተናል፤ ስልኩ ላይ ፎቶ አይቀርም፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱ ይወጣል። ላንቺም ልናሳይሽ እንፈልጋለን።

ቅዳሜ ዕለት ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ባዶ ላፕቶፕ ይዘን ሄድን። ዶክተሯ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እያዩን ቅጂውን ከዳታ ሴንተሩ አውርደን ላፕቶፑ ላይ ከፈትነው። 50 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሲስተር ከሎከሩ አንድ የወረቀት ካርድ አወጣችና ቁጥሩን ጠራች፤ እኔ ስክሪኑ ላይ ፈለግኩ። የመጨረሻው ቀጠሮ ቀን ገጠመ። ሌላ ጠራች፣ ገጠመ። አሥራ ሁለት ካርድ አየን። በአንዱ ላይ የስልክ ቁጥር ተሳስቶ አገኘን፤ ስህተቱ ግን የኛ ሳይሆን ሲመዘገብ የተፈጠረ ነው።

የምስጠራውን ቁልፍ በሁለት ወረቀት አትመን በፖስታ አሸግን። እኛ ጋ ቅጂ የለም፤ ቢጠፋባቸው ባክአፑን እኛም መክፈት እንደማንችል አስረዳኋቸው፣ ያንንም ውሉ ላይ ፈረሙ። አንዱን ፖስታ ሲስተር ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሰኞ ባንክ ታስቀምጠዋለች። ሁለተኛውን ዶክተሯ ሎከሩ ውስጥ፣ ከካርዶቹ በላይ አስቀመጡትና ቆለፉት። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝ።

ሰኞ የመጀመሪያ ታካሚዎቻቸውን ይመዘግባሉ። የ2012ን አይነት ቀን ለመለማመድ ጠዋት ላይ ራሴ ሄጄ የኢንተርኔቱን ገመድ ለሁለት ሰዓት እነቅለዋለሁ፤ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።